የአንገትጌው ጥቁር ክር

ጥሩዬ የታጠፈውን የከፋይ ካባ እንደ ሕፃን በሁለት ክንዷ ታቅፋ፣ ውሃ ያዘለውን የግንቡን ደረጃ እያለከለከች ወጣች። ዝናቡ ካባራ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም። ከታች ከግቢው አንድ ጋሻ ጃግሬ ስለ በቅሎ ዋጋ ከጓደኛው ጋር እየተከራከረ «ጃንሆይ ይሙት፣ አልዋሸሁም» ሲል ሰማችና እግሯ ተሰናከለ። ጃንሆይ ከሞቱ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

ይህን የሚያውቁ በጎንደር ግንብ ውስጥ አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው። እቴጌ የወርቅውሃ፣ የእቴጌ ንስሐ አባት፣ የግቢው አዛዥ ደጃዝማች ባዩ፣ የልብስ ጠባቂዋ ጥሩዬ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጇ አምሐ። ሟቹ ሐሙስ ማታ በእቴጌ ጸሎት ቤት ወለል ሥር ደወል ሳይደወል ተቀብረዋል። ያለቀሰ የለም፤ ማልቀስ ተከልክሏል። ወሬው ከወጣ እያንዳንዱ መኮንን ወደ ወህኒ አምባ ይገሠግሣል፤ ከዚያ ከታሰሩት የነገሥታት ልጆች መካከል ለእርሱ የሚመቸውን አውርዶ ላንግሥ ይላል፤ አገርም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለትና ሦስት ንጉሥ ያበቅላል። እቴጌ ግን ቀድመው የገዛ ልጃቸውን የአቤቶ ሀብተሥላሴን ስም ይዘው መልእክተኛ ሰድደዋል። አቤቶ ከአምባው ወርደው ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ከተማ ይገባሉ ተብሏል። እስከዚያ ድረስ አልጋው ባዶ ሆኖ መታየት የለበትም።

አልጋው ላይ የተቀመጠው አምሐ ነው።

አምሐ ሊቀ መኳስ ነበር። የሊቀ መኳስ ሥራ ጥላ መሆን ነው። ንጉሡ የሚለብሱትን ይለብሳል፣ እንደ ንጉሡ በቅሎ ይቀመጣል፣ ጦርነት በሆነ ጊዜ የጠላት ጦር ንጉሡን ትቶ ወደ እርሱ እንዲወረወር ከፊት ይቆማል። ስለዚህ በግምጃ ቤቱ ውስጥ ካባ ሁሉ መንታ ነው፤ ከአንድ ጣቃ ተቆርጦ፣ በአንድ እጅ ተሰፍቶ፣ ጎን ለጎን ይሰቀላል። ጥሩዬ ልጇ ይህን ሹመት ያገኘ ቀን ሌላው እልል ሲል እርሷ ጥግ ይዛ አለቀሰች። በማግስቱም ከልጇ ካባ አንገትጌ ውስጥ፣ ማጅራቱ ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጥቁር የክር ቋጠሮ ሰፋች። ፊቱ በጎራዴ ተቆራርጦ ቢመጣ እንኳ የልጇን ሬሳ ከሌላ ሰው ሬሳ እንድትለይበት ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ጥሩዬ ደግሞ ሳትፈራ ያደረችበት ቀን የለም።

እቴጌ ይህን ቋጠሮ ካዩ በኋላ ሥርዓት አደረጉት። «መልካም አሰብሽ፤ የቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንገትጌው ባዶ የሆነው የንጉሥ፣ ቋጠሮ ያለበት የጥላው ሆነ። ንጉሥ ሲሞት የንጉሡ ካባ ከሟቹ ጋር ይቀበራል፤ የጥላው ካባ በመኳንንት ፊት አንገትጌው ተገልብጦ ታይቶ ለአዲሱ ንጉሥ ይሰጣል። ሊቀ መኳስ የራሱን ለብሶ አልጋ ቢጠብቅ ታማኝ ነው። የንጉሡን ለብሶ ከተገኘ ግን አልጋ ፈላጊ ነው፤ የአልጋ ፈላጊ መጨረሻው ደግሞ አደባባይ ያለችው የመስቀያ ዋርካ ናት።

የእልፍኙን መጋረጃ ገልጣ ገባች። አምሐ የሟቹን ጋቢ ተከናንቦ፣ ጢሙ አድጎ፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጧል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በሦስት ቀን አርባ የሞላው መስሏል።

«መጣሽ እናቴ? ዛሬ ልሻር ነው አሉኝ። ቁርስ ሳይሰጡኝ ነው የሚሽሩኝ?»

«ቀስ በል። ግንብ ጆሮ አለው።»

«ጆሮውስ ባልከፋ፤ ብርዱ ነው እንጂ» አለና ሁለት ጊዜ ሳለ።

ጥሩዬ በር በሩን አየች። ከመጋረጃው ውጭ የሚቀመጠው የንጉሥ ቃል አቀባይ ጃንሆይ ጉሮሯቸውን ታመዋል ከመባሉ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። የተሰጠው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ጃንሆይ አንድ ጊዜ ከሳሉ «ይሁን»፣ ሁለት ጊዜ ከሳሉ «አይሆንም» ብሎ ለጉባኤው እንዲናገር።

«ትናንትም እንዲህ ነው የሳልከው?» አለችው።

«መቼ?»

«ደጃዝማች ባዩ የደምቢያን ግዛት በጉባኤ ፊት ሲለምኑ ነዋ። ከመጋረጃው ኋላ ያለህ አንተ መሆንህን ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ይስልልኛል ብለው ነበር የመጡት።»

«ጉንፋን ይዞኛል አልኩሽ እኮ።»

«ያን ጊዜ ያዘህ?»

«ጉንፋን ጊዜ አይመርጥም እናቴ» አለ። ዓይኖቹ ውስጥ ግን ልጅ ሳለ ማር ሰርቆ ሲበላ የምታውቀው ሳቅ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«ሰውየው ቂም አይረሱም» አለች። «የጃንሆይን መሞት ከሚያውቁት አንዱ አንተ ነህ፣ በዚያ ላይ አዋረድካቸው። ምነው አንዴ ብቻ ብትስል ኖሮ።»

«እሺ፣ አልብሺኝና ይለቅልኝ። ደክሞኛል። ንግሥና እንዲህ ጀርባ የሚያሳምም መሆኑን ብነግራቸው አንድም የሚሻማበት አይገኝም።»

ካባውን ዘረጋችው። ከሐሙስ ጀምሮ አምሐ ራሱ ሲለብሰው ሰንብቶ ትናንት ማታ እንደነገሩ አጥፎ የሰጣት ነው፤ ርጥበቱ እንዲለቀው ከነእጥፋቱ ምድጃ ዳር አሳድራዋለች። ትከሻው ላይ ስታኖረው እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን ወደ አንገትጌው ውስጥ ሰደደች። ጣቷ ሄደ። መጣ። እንደገና ሄደ።

ቋጠሮው የለም።

«ምነው?» አለ አምሐ።

አልመለሰችለትም። ካባውን ከላዩ ገፍፋ መስኮት ዳር ወስዳ ገለበጠችው። የክር ቅሪት የለም፤ መርፌ የገባበት ቀዳዳም የለም። ሐሙስ ማታ ትዝ አላት። አንዲት ጧፍ ብቻ ነበረች። ጎን ለጎን ከተሰቀሉት አንዱን አንሥታ፣ እቴጌ የሟቹን ራስ ቀና አድርገው ይዘውላት፣ ያለበሰች እርሷ ናት። ደክሟት ነበር። አውራ ጣቷን ወደ አንገትጌው መስደድ የረሳችው በዕድሜዋ ያን ቀን ብቻ ነው።

«የአንተን አልብሼ ቀበርኳቸው» አለች።

አምሐ ማጅራቱን ዳሰሰ። «እንግዲያው እኔ ተቀብሬያለሁ ማለት ነው» አለ። «ዳግመኛ አይቀብሩኝም።»

«አፍህን ያዝ» አለችው። የልጇን ሬሳ ልትለይበት የሰፋችው ምልክት ከሬሳ ጋር መሬት ገብቷል። ሳትፈልግ የሰማችው ሟርት መሰላት። «ሲገለበጥ ባዶ ሆኖ ያዩታል። እኚያ ሰውዬ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ከቀሚሷ ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ የምትሰካውን መርፌ መዘዘች። የክር ከረጢቷን ዘረገፈች። ወርቅማ አለ፣ ቀይ አለ፣ ነጭ አለ። ጥቁር የለም፤ ባለፈው ሐዘን የተረፋት አልቋል። በእቴጌ ግምጃ ቤት ጥቁር ክር የሚወጣው ለሐዘን ብቻ ነው፤ ሐዘኑ ደግሞ ገና አልታወጀም። የሟቹ ሬሳ ሦስት ቀን መሬት ውስጥ አድሮ ጥቁር ክር ግን ገና ከሣጥን አልወጣም።

ከሩቅ፣ ከቀሃ ወንዝ በኩል፣ እምቢልታ ተሰማ።

ጥሩዬ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ማተቧ ጥቁር ሐር ነው፤ ሦስት ሆኖ የተገመደ። ክርስትና ስትነሣ እናቷ ያሰሩላት ነው፤ ሲያልቅ በላዩ እየተገመደ እስከዛሬ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። አንዷን ዘለላ በጥፍሯ ይዛ ሳበች። ዘለላዋ ስትወጣ የቀሩት ሁለቱ አርጅተው ኖሮ ተፈቱና ጭኗ ላይ ወደቁ።

«እናቴ» አለ አምሐ። ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራ መሰለ። «ማተብሽን?»

«ዝም በልና ብርሃኑን አትከልክለኝ።»

ሰፋች። አራት ጊዜ ወጋች፣ አራት ጊዜ መለሰች፣ ቋጠረች፣ በጥርሷ በጠሰች። አዲሱ ክር እንዳያንጸባርቅ ከወለሉ ትቢያ በጣቷ አንሥታ አሸችው። የተረፈውን ብብቷ ከተተችና ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሁለት ዙር አዞረችው። ማተብ የበጠሰ ከሃዲ ነው እየተባለ ነው ያደገችው። ስለዚህ ነገር ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ ማታ ታስብበታለች።

ኢየሩስ የምትባለዋ የእቴጌ ደንገጡር መጋረጃው ሥር ብቅ አለች። «እሜቴ ጥሩዬ፣ እቴጌ ይጠሩዎታል። ሰገነት ላይ ናቸው።»

እቴጌ የወርቅውሃን የሰገነቱን ድንጋይ ተደግፈው ወደ ታች እያዩ አገኘቻቸው። ሹሩባቸው ላይ ሻሽ ጣል አድርገዋል። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። ያልተኙ ሰው ዓይን ነው፤ ግን አንዲት ጠብታ አልወጣውም። አገር በሙሉ ዓይናቸውን ሲጠብቅ ሦስት ቀን ሙሉ ስቀው፣ ፈርደው፣ ግብር አብልተዋል።

«ነይ፣ አጠገቤ ቁሚ» አሉ። «የአንቺ ዓይን ከእኔ ይሻላል።»

በታችኛው በር ፈረሰኞች እየገቡ ነበር። በመሐላቸው ሦስት ወጣቶች በሦስት ነጭ በቅሎ ተቀምጠዋል፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ነጭ ለብሰዋል፣ ሦስቱም ጭቃ ተረጭቶባቸዋል። ሽፍታ መንገድ ላይ ቢጠብቅ አቤቶን ለይቶ እንዳይወረውር የተደረገ ዘዴ ነው።

እቴጌ ሦስቱን አንድ በአንድ አዩ።

«የቱ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ጥሩዬ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ወደ አምባው ሲወስዱት ስምንት ዓመቱ ነበር። አባቱ ነው የፈረደበት፤ ሕጉ ነው ብሎ። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሆኖታል። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ከዚህ አይታይም።» ድምጻቸው አልተለወጠም። «ሰዉ ለማን እንደሚሰግድ እስካይ ልጠብቅ እንግዲህ። እንደ ማንም ሰው።»

ያጀቧቸው ቀኛዝማቾች ከበቅሎ ወርደው ለመካከለኛው ሰገዱ። እቴጌ «እሱ ነው» አሉና ዘወር ብለው ወደ አዳራሹ ሄዱ። ጥሩዬ ግራውን ልጅ ጠርጥራ ነበር።

አዳራሹ በመኳንንት ተጨናንቆ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ቃል አቀባዩ አንድ ወረቀት ተሰጠው፤ አነበበው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ለጉባኤው ጮክ ብሎ ተናገረ።

«የሞትንም እኛ፣ ያለንም እኛ።»

መጋረጃው ተሳበ። አልጋው ባዶ ነው። ከአልጋው በስተቀኝ አምሐ ካባውን ለብሶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። አዳራሹ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጋ። ጥሩዬም አለቀሰች፤ ለሟቹ ይሁን ለልጇ ሳታውቅ፣ ሦስት ቀን የታመቀው ሁሉ እየወጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ አቤቶ ሀብተሥላሴ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ነጋሪት ሲመታ ደነገጡ፤ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምተው አያውቁም። እቴጌ ከልጃቸው በስተግራ ተቀመጡ። እናትና ልጅ እርስ በርስ አንድ ጊዜ ተያይተው ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ደጃዝማች ባዩ ወደ ፊት ወጡ። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናን» አሉ። «ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ ሥርዓቱም ሥርዓት ነው። ይህ ሰው ሦስት ቀን አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ እምቢም እሺም ብሏል። የለበሰው የጥላ ልብስ ይሁን የንጉሥ ልብስ ጉባኤው ይይ።»

ጥሩዬ ሳትጠራ ወጣች። ካባውን ከልጇ ትከሻ ላይ አወረደች። አንገትጌውን ገልብጣ ዘረጋች።

ደጃዝማች ባዩ ከእጇ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። በአውራ ጣታቸው አሹት። ቀና ብለው አዩአት።

«ወይዘሮ ጥሩዬ፣ ይህ ክር አዲስ አይመስልሽም?»

«ዘመቻ ልብስ ይጨርሳል ጌታዬ። በየጊዜው አድሰዋለሁ።»

«እሱስ እናት ነሽ፣ ታድሺያለሽ።» ፈገግ አሉ። «ክፋት የለውም። ማተብሽን ያዢና የጥላው ካባ ነው ብለሽ ማይ። በቃን።»

የጥሩዬ ቀኝ እጅ ወደ አንገቷ ተነሣ፤ ነጠላዋን ሲነካ ቆመ። ከነጠላው በታች ምንም የለም። እጇን እዚያው አቁማ፣ ይህ ነው እንግዲህ አለች በሆዷ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ቀን ይህ ነው።

እቴጌ እጇን አዩ። ነጠላዋ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር መዞሩን አዩ። ከዚያ ካባውን አዩ።

«ባዩ» አሉ።

ማዕረግ ሳይጨምሩ ነው የጠሩት። ደጃዝማች ዘወር አሉ።

«ሟቹን ያለበስነው እኔና እርሷ ነን። ራሱን ቀና አድርጌ የያዝኩት እኔ፣ አንገትጌውን ያስተካከልኩት እኔ። ባዶ ነበር። እርሷን ካስማልክ እኔንም ማስማል ይኖርብሃል። ባሌን ዛሬ ገና ላለቅስለት ነው የተፈቀደልኝ፤ ቀኑን በመሐላ ልታስፈጅብኝ ትሻለህ?»

«ኧረ እቴጌ» አሉ ደጃዝማች ባዩ። እጅ ነሡ። ግን ሲቃኑ ፊታቸው ላይ ፈገግታው አልጠፋም። «ምስክርነትዎ ይበቃናል። እንዲያውም ደስ ይላል፤ የታመነ ጥላ አገኘን። ከዓባይ ማዶ የሸፈተው አለ፤ አዲሱ ጃንሆይም ሰኞ ካልዘመቱ ነገሩ ይባባሳል። ንጉሥ ያለ ጥላ አይዘምትም። አምሐ በሹመቱ ይጽና።»

መኳንንቱ ሁሉ «ይጽና» አሉ። አምሐ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ። ቀና ሲል ወደ እናቱ አየና፣ ሌላ ሰው ሳያየው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳለ።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ሁለት አዲስ ካባዎች ከሰፊዎቹ መጡ። ጥሩዬ ሁለቱን በሁለት ክንዷ ይዛ ወደ እቴጌ እልፍኝ ገባችና እግራቸው ሥር ወደቀች።

«ተነሺ» አሉ እቴጌ። «እኔም ጉልበት የለኝ፤ ማን ያነሣሻል?»

ተነሣች። እቴጌ ሻሻቸውን አውልቀው መስኮቱ ሥር ካለው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በለቅሶ አብጧል፤ ሦስቱ ቀን አሁን ገና የታየባቸው ይመስላል።

«ክሩ የማተብሽ ነው።»

«ነው እመቤቴ።»

«የሟቹን አንገትጌ ሳስተካክል ቋጠሮውን በጣቴ ነክቼዋለሁ። የተለዋወጠ መሆኑን ያን ማታ አውቄ ነበር። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገውን መልእክተኛ መጣ፣ ግብር መጣ፣ ሙግት መጣ።» ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹ። «ረሳሁት ጥሩዬ። ደክሞኝ ነበር። የአንድ ሰው ነፍስ በድካም ልትጠፋ ነበር።»

ጥሩዬ ራሷን ዝቅ አደረገች። እርሷም በድካም ነው የተሳሳተችው።

«ለልጅሽ ደግሞ ትሰፊለታለሽ?»

«እሰፋለታለሁ። ሰኞ ነው አሉ።»

«ሰኞ ነው።» እቴጌ ከካባዎቹ አንዱን ጎትተው ጭናቸው ላይ አኖሩ። የትኛው የማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም። «ለልጄም አድርጊለት።»

«የንጉሡ ባዶ ነው እመቤቴ። ሥርዓቱ...»

«ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ከሰገነት ላይ ሆኜ በበቅሎ ተቀምጦ ሲመጣ አላወቅኩትም። በነፍሱ ሳለ ያላወቅኩትን፣ ሬሳውን ሲያመጡልኝ በምን አውቀዋለሁ?»

እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ልከው ማተባቸውን ፈቱ። ከባድ ጥቁር ሐር ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የብር መስቀል አለበት። መስቀሉን አውጥተው መደቡ ላይ አኖሩና ክሩን ለጥሩዬ አቀበሏት።

«ከዚህ ምዘዢ። ለሁለቱም ይበቃል፤ የተረፈውን ሁለታችን እናስረዋለን።»

ጥሩዬ መርፌዋን አወጣች። የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ወደ ቀዳዳው ሰደደችው፤ ሳተች። ደገመች፤ ሳተች። ዓይኗ በእንባ ይሁን በእንቅልፍ ደብዝዟል። እቴጌ መርፌውን ከእጇ ወስደው ወደ ብርሃኑ አቀረቡና ክሩን አስገቡላት። ከታች ከግቢው ለሰኞ የሚጠገን ኮርቻ ሲቀጠቀጥ ይሰማል።

«የልጅሽን በቀኝ በኩል» አሉ እቴጌ፣ አንገትጌውን ገልብጠው በሁለት እጃቸው እየወጠሩላት። «የልጄን በግራ። አጥብቀሽ ቋጥሪው።»